ያውቁ ኖሯል? ሶሪያሲስና የደም ወረቀት

ካዛንቺስ ውስጥ ያለውን ላቦራቶሪ ሁሉ ቢያዳርሱ «ሶሪያሲስ አለብዎት» የሚል የደም ምርመራ አያገኙም። የለማ! የቆዳ ሐኪም ይህን ቅርፊት የሚያወጣ የቆዳ በሽታ የሚለየው ክርንን፣ ጉልበትን፣ የራስ ቆዳንና ጥፍርን አይቶ ነው። ካጠራጠረው ከቆዳው ትንሽ ቆርጦ ወደ ፓቶሎጂ ይልካል።

ክብደቱም የሚለካው በዓይንና በእጅ ነው። ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት ፓሲ የተባለው መለኪያ መቅላቱን፣ መወፈሩንና ቅርፊቱን አይቶ ከ0 እስከ 72 ነጥብ ይሰጣል። ከሰውነት ውስጥ ራስ 10፣ እጆች 20፣ ደረትና ጀርባ 30፣ እግሮች 40 በመቶ ድርሻ አላቸው።

መዳፍዎ ከነጣቶቹ ከሰውነትዎ ቆዳ 1 በመቶ ያህል ነው። ሕመሙ የያዘው ቦታ ከ10 መዳፍ ካለፈ ብዙውን ጊዜ «ከባድ» ይባላል። ፊትን ወይም ብልትን ከያዘ ግን ቦታው ትንሽ ቢሆንም አይናቅም።

ጠይም ቆዳ ላይ «መቅላት» የተባለው ወይን ጠጅ ወይም ቡኒ መስሎ ይታያል። ያልለመደ ዓይን ታዲያ ነጥቡን ያሳንሰዋል። የቆዳ ቀለም የማያሳስተው ቁጥር ከደም ቢገኝማ እሰየው ነበር።

አንዱ እጩ እዚያው ተራው የሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) ወረቀት ላይ አለ። ኒውትሮፊል የተባሉትን ነጭ የደም ሴሎች ቁጥር ሊምፎሳይት ለተባሉት ማካፈል ብቻ ነው፤ 4.5 ለ1.5 ሲካፈል 3 ይመጣል። ሶሪያሲስ ያለባቸው ሰዎች አማካይ ውጤት ከጤነኞቹ ከፍ ማለቱ በብዙ ጥናቶች ታይቷል። ከፓሲ ነጥብ ጋር አብሮ ይወጣል ይወርዳል ወይ ሲባል ግን ጥናቶቹ አይስማሙም። ቶንሲል ሲይዝዎትም፣ ፕሬድኒሶሎን ሲውጡም ይህ ቁጥር ይጨምራል። ሌላም ጣጣ አለበት። ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ ብዙ አፍሪካውያን ምንም ሳያማቸው የኒውትሮፊል መጠናቸው ከአውሮፓውያን ያንሳል፤ በዘር የሚወረስ ነገር ነው። ሌላ አገር የተበጀ ልክ እዚህ ላይሠራ ይችላል ማለት ነው። በዚህ ቁጥር ብቻ «መድኃኒት ይቀየርልኝ» ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም።

ሌላው እጩ ሲአርፒ የተባለው ፕሮቲን ነው፤ በ1930 እ.ኤ.አ. የተገኘው በሳንባ ምች ሕሙማን ደም ላይ በተሠራ ምርምር ነው። የሚያመርተው ጉበት ሲሆን፣ ከየትም የመጣ ብግነት ከፍ ያደርገዋል። ቆዳ ይሁን ጥርስ ለይቶ አይናገርም።

ጠዋት ጣትዎ ደርቆ አልታጠፍ የሚልዎት ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ። ሶሪያሲስ መገጣጠሚያ ውስጥ ገብቶ እንኳ ኢኤስአር የተባለው ሌላው የብግነት ምርመራም ሲአርፒም ኖርማል ሊሆኑ ይችላሉ።

የደም ምርመራ እውነተኛ ጥቅሙ የሚታየው ሜቶትሬክሴት የተባለው መድኃኒት ሲጀመር ነው። ያኔ ሲቢሲ፣ ጉበትና ኩላሊት በየጊዜው ይታያሉ። ክኒኑ ለሶሪያሲስ የሚዋጠው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ በስህተት በየቀኑ የዋጡ ሰዎች መቅኔያቸው ደም ማምረት አቅቶት ሞተዋል። በፋርማሲው ወረቀት ላይ ቀኑን ያስጽፉ፣ «ረቡዕ» ወይም «እሑድ» ብለው።

ድንገት ገንፍሎ ሰውነትን ያለበሰ ሶሪያሲስ ሲያዩ ሐኪሞች የኤችአይቪ ምርመራ ያዛሉ። ስኳርና ኮሌስትሮልም ይታያሉ፤ ከባድ ሶሪያሲስ ያለበት ሰው ለልብ ሕመም የበለጠ የተጋለጠ ነው።

ሶሪያሲስ ከሥጋ ደዌ ጋር ለዘመናት ሲምታታ ኖሯል። ሁለቱን በግልጽ የለያቸው በ1841 እ.ኤ.አ. የቪየናው ሐኪም ፈርዲናንድ ሄብራ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ በ1965 እ.ኤ.አ. ለሥጋ ደዌ የተቋቋመው አለርት ዛሬ የሶሪያሲስ ሕሙማንም ሪፈር የሚባሉበት ሆስፒታል ነው። ከካዛንቺስ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ዘነበወርቅ በታክሲ ይደረሳል።

ገላውን በሙቅ ውሃ መታጠብ ለሚፈልግ የካዛንቺስ ሰው ደግሞ ቅርቡ የፍልውሃ መታጠቢያ ነው። ሙቁ ውሃ ቅርፊቱን ያለሰልሳል፤ እንደወጡ ግን ቆዳው እርጥብ እያለ ቫዝሊን ካልተቀቡ ይብሱን ይደርቃል። የሚፈራ ገላ ታጣቢ ካጋጠመዎት ደግሞ ይንገሩት፦ ሶሪያሲስ በውሃም በፎጣም አይጋባም።