ኳስ ሲባል የትኛው ኳስ?

በላስታ ደጋ፣ ከላሊበላ ወጣ ብላ በምትገኘው ገነተ ማርያም «ዛሬ ኳስ አለ» ያለ ሰው የትኛውን ኳስ ማለቱ እንደሆነ አይጠየቅም። መረብ ኳስም፣ ቅርጫት ኳስም፣ እጅ ኳስም ኳስ ናቸው፤ ስማቸው ግን ያለ ቅጥያው አይቆምም። እግር ኳስ ብቻ «እግር»ን ጥሎ ባዶውን ቃል ወርሷል። የጨዋታን ስም የሚወስነው በእጅ ወይም በእግር መጫወቱ ሳይሆን በዚያ አገር ሌላውን ሁሉ ውጦ መግነኑ ነው የምለውም ከዚህ ተነሥቼ ነው።

«ፉትቦል» የሚለውን ቃል እንይ። እ.ኤ.አ. በ1863 ለንደን ላይ በማኅበር (አሶሲዬሽን) የተሰበሰቡ ክለቦች ኳስ በእጅ ይዞ መሮጥንና የተጋጣሚን ቅልጥም መርገጥን የሚከለክል ሕግ ሲያወጡ፣ ያልተዋጠላቸው ጥለው ወጡ፤ በ1871 የራግቢ ማኅበር ተቋቋመ። ሜልቦርን ከሁለቱም ቀድማ በ1859 የራሷን ሕግ ጽፋ ነበር። አየርላንዶች በ1884 የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ፤ አሜሪካኖችም ከራግቢ ተነሥተው ሌላ መንገድ ያዙ። ሁሉም ታዲያ ጨዋታቸውን ፉትቦል ይሉታል። ሜልቦርን ውስጥ «ፉቲ» ከተባለ በሞላላ ሜዳ ላይ በየቡድኑ 18 ሰው የሚሰለፍበት ጨዋታ ነው፤ ሲድኒ ላይ ግን ያው ቃል በአብዛኛው 13 ሰው የሚሰለፍበትን ራግቢ ያመለክታል። አሜሪካ የወለደችው የሚመስለን «ሶከር» እንኳ የእንግሊዝ ተማሪዎች «አሶሲዬሽን» ከሚለው ቃል ቆርጠው ያወጡት ቅጽል ስም ነው። ሥር የሰደደው ግን ሌላ ፉትቦል ቀድሞ ስሙን በያዘባቸው አገሮች ነው።

«አሜሪካኖች ኳሱን በእጃቸው ታቅፈው እየሮጡ እንዴት እግር ኳስ ይሉታል?» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ስሙ የዘር ስም ነው፤ ሁሉም ከአንድ ግንድ የተገነጠሉ ናቸው። ሳቁን ያመጣው የእኛው ትርጉም ይመስለኛል። «ፉት»ን «እግር» ብለን ቃል በቃል ስለመለስነው «የአሜሪካ እግር ኳስ» ስንል ቀልድ ይመስላል። «የአሜሪካ ፉትቦል» ብሎ መተው ይሻላል። ኢትዮጵያውያን ራሳቸው በዚያ አገር ቃላቸውን አልለቀቁም፤ እ.ኤ.አ. በ1984 በተመሠረተው በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ስር በየዓመቱ በሐምሌ መግቢያ ግድም ተሰባስበው የሚጫወቱትን ዛሬም «ኳስ» ነው የሚሉት።

ላስታ ግን ኳስ ሳይመጣ በፊት ጨዋታ አጥታ አታውቅም። በልደት ሰሞን ጎልማሳው ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ይዞ ሜዳ ይወጣል፤ መንደር ለሁለት ይከፈላል፤ ከእንጨት ወይም ከጠፍር የተሠራችው ሩር ትመታለች፤ ጨዋታው ገና ይባላል። ገና የዱላ ጨዋታ ስለሆነ ከእግር ኳስ ጋር ምን አገናኘው? ይባል ይሆናል። በመሣሪያው ካየነው እውነት ነው። በጠባዩ ግን ሕግ ሳይጻፍ በፊት የነበረው ፉትቦል ሁሉ እንዲሁ ነበር። በእንግሊዟ አሽቦርን ከተማ ዛሬም ድረስ ከዐቢይ ጾማቸው ዋዜማ ጀምሮ ሁለት ቀን ይጫወታሉ፤ ግቦቹ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፤ የሰው ቁጥር አይገደብም፤ ቡድኑም ከወንዙ ወዲህና ወዲያ በመወለድ ይለያል። የበዓል ጨዋታ፣ የመንደር ጨዋታ፣ ጌታና አሽከር እኩል የሚጋፉበት ጨዋታ፤ የገና ዘመድ ነው።

የገናና የእግር ኳስ ልዩነት የመጣው ከሕጉ መጻፍ ነው። የተጻፈ ሕግ ያለው ጨዋታ ከማያውቁት ሰው ጋር ያጫውታል፤ ገና ግን ከሚተዋወቁ መንደሮች አልፎ፣ ከበዓሉም ሰሞን ወጥቶ ብዙም አልሄደም። በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ የተመሠረተው የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ከአርመኖችና ከጣሊያኖች ቡድን ጋር መግጠም የቻለው ሕጉ የጋራ ስለነበረ ነው። በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 ረትታ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ «ኳስ» የሚለው ቃል ባለቤቱን አገኘ ማለት ይቻላል። ሕዝቡ የሚከተለው ማንቼንና አርሴን እንጂ የአገሩን ክለብ አይደለም የሚሉ አሉ፤ በከፊል ትክክል ናቸው። ለሰሜን ወሎ በ2009 ዓ.ም. ወልድያ ላይ ትልቅ ስታዲየም ተመርቆለታል፤ የዲኤስቲቪ ቤቱ ግን በእንግሊዝ ክለቦች ይሞላል። ይህ ግን የክለብ ጉዳይ ነው፤ የጨዋታውን ግዛት አይነካም። የካልሲ ኳስ የሚያባርረው እረኛም፣ ስክሪን ላይ ያፈጠጠው ወጣትም የሚያወሩት ስለ አንድ ጨዋታ ነው።

ገና በበኩሉ ከዚህ የስም ፉክክር ውጭ ቀርቷል። በዓሉም ጨዋታውም በአንድ ስም ይጠራሉ፤ የምትመታዋ ግን እስከ ዛሬ ኳስ ተብላ አታውቅም፤ ሩር ናት።