ኮንቴሳ 32

ኮንቴሳ 32 ለረጅም የባሕር ጉዞም ለውድድርም የምታገለግል የእንግሊዝ የሸራ ጀልባ ናት። ንድፏን ያወጣው ዴቪድ ሳድለር ሲሆን፣ የሠራት ጄረሚ ሮጀርስ ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በሊሚንግተን ከተማ መሠራት ጀመረች፤ ከ700 በላይ የሚሆኑ ጀልባዎችም በዚህ ንድፍ ተሠርተዋል። በስሟ ያለው ቁጥር ርዝመቷን በጫማ ያመለክታል፤ ይህም 9.75 ሜትር ገደማ ነው።

አሠራር

አካሏ ፋይበርግላስ ነው። ስፋቷ 2.9 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከብዙዎቹ ዘመናዊ የጉዞ ጀልባዎች ትጠባለች። ከሆዷ በታች እንደ ዓሣ ክንፍ ወደ ውሃው የወረደ ከባድ ክፍል አለ፤ ይህ ክፍል ኪል ይባላል። ከጠቅላላ ክብደቷ (4,300 ኪ.ግ. ገደማ) ግማሽ ያህሉ እዚያ ታች ያረፈ ነው። ኪሉ ሁለት ሥራ አለው፦ ነፋስ ከጎን ሲገፋት ወደ ጎን እንዳትንሸራተት ይይዛታል፤ ስትዘነብልም በክብደቱ መልሶ ያቆማታል።

ጀልባዋ አንድ ምሰሶና ሁለት ሸራዎች አሏት፤ ዋናው ሸራ ከምሰሶው ኋላ፣ ሌላው ከፊት ይዘረጋል። ነፋሱ ሲበረታ ዋናው ሸራ በከፊል ወርዶ ይታሰራል።

የ1979 የፋስትኔት ውድድር

በነሐሴ 1979 (እ.ኤ.አ.) 303 ጀልባዎች ከእንግሊዝ ተነሥተው፣ በአየርላንድ ደቡብ የሚገኘውን የፋስትኔት ዐለት ዞረው ለመመለስ ተወዳደሩ። በመንገድ ላይ ከባድ ማዕበል ደረሰባቸው። 15 ተወዳዳሪዎች ሞቱ፤ ውድድሩን የፈጸሙት 85 ጀልባዎች ብቻ ነበሩ። ከትንንሾቹ ጀልባዎች ምድብ የፈጸመችው «አሴንት» የተባለች አንዲት ኮንቴሳ 32 ናት።

ከአደጋው በኋላ የተደረገው ምርመራ ኮንቴሳ 32ን በውድድሩ ከነበረች ሌላ የእሽቅድምድም ጀልባ ጋር አነጻጸረ። አንድ ጀልባ 90 ዲግሪ ሲያዘነብል ምሰሶው ውሃ ላይ ይተኛል፤ 180 ዲግሪ ሲደርስ ፈጽሞ ይገለበጣል። ኮንቴሳ 32 እስከ 155 ዲግሪ ገደማ ብታዘነብል በራሷ ትመለሳለች። የሌላዋ ወሰን ግን 117 ዲግሪ ገደማ ነበር። ሰፊና ቀላል አካል ቀጥ ብሎ ሲሄድ የተረጋጋ ይመስላል፤ ከተገለበጠ ግን እንደ ገበታ በጀርባው ይረጋል። ጠባብና ታቹ የከበደ አካል ተገልብጦ መቆየት ስለማይችል፣ ቀጣዩ ሞገድ ሲነካው ይቃናል።

ጥቅምና ጉድለት

የአንዲት ጀልባ ውድድር መፈጸም ብቻውን የንድፍ ማስረጃ አይሆንም፤ የመርከበኞቹ ችሎታም ወሳኝ ነው። ደግሞም ጥንካሬዋ ዋጋ አለው። ውስጧ ጠባብ ነው፤ መኝታው፣ ማብሰያውና የዕቃ ማስቀመጫው ተጠጋግተው የተሠሩ ናቸው። ዝቅ ያለች በመሆኗም ማዕበል ሲኖር መርከበኞቹን ውሃ ይረጫቸዋል። ስለዚህ የጉዞ ጀልባ የሚመርጥ ሰው በወደብ ከሚታየው የክፍሎች ስፋት ባሻገር፣ ጀልባዋ ስንት ዲግሪ አዘንብላ መመለስ እንደምትችል መጠየቅ ይኖርበታል።