ከሳጥኑ ያልወጣች መኪና

የሞዴል መኪና ሳጥን ሲከፈት ውስጡ መኪና የለም። ያለው በቀጫጭን ዘንጎች ላይ ተያይዞ የተቀረጸ የፕላስቲክ ቁርጥራጭ ነው፦ ለሁለት የተከፈለ ሞተር፣ ወንበሮች፣ መሪ፣ እንደ ኒኬል የሚያብረቀርቁ ፓራውልቶችና ቸርኬዎች፣ የላስቲክ ጎማዎች፣ በመስታወት ምትክ የገባ ጥርት ያለ ፕላስቲክ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ወጥ ሆኖ የተቀረጸው ቦዲ። ሠሪዎቹ ይህን ሁሉ ባንድ ላይ ኪት ይሉታል። መመሪያውን ተራ በተራ የተከተለ ሰው በመጨረሻ የሚያገኘው በሳጥኑ ክዳን ላይ የተሳለውን መኪና ነው። ይህም ራሱን የቻለ ደስታ አለው። እዚህ የምናስተዋውቃቸው ግን መመሪያውን አንብበው ሲያበቁ መጋዝ የሚያነሡትን ነው። ጣሪያ ዝቅ ያደርጋሉ፣ ሞተር ከሌላ ኪት አምጥተው ይገጥማሉ፣ ማንም ፋብሪካ ያላመረተውን መኪና ጠረጴዛ ላይ ያመርታሉ።

በዚህ ሙያ በብዛት የሚሠራባቸው መጠኖች ሁለት ናቸው። በአሜሪካ 1/25 የተለመደ ነው፤ በጃፓንና በአውሮፓ ደግሞ 1/24 ይበዛል። በ1/25 አምስት ሜትር የሚረዝም መኪና ሃያ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። መዳፍ ላይ ያርፋል፤ ነገር ግን የበሩ እጀታም ሆነ የሞተሩ ካንዴላ በዓይን ተለይቶ የሚታይበት መጠን ነው። ሥራውን ከባድም ማራኪም የሚያደርገው ይኸው ነው። በዚህ መጠን የአንድ ሚሊ ሜትር ስሕተት በእውነተኛው መኪና ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ማለት ነውና፣ መኪና የሚያውቅ ሰው ከሩቅ ይለየዋል።

ታሪኩ የሚጀምረው ከመኪና መሸጫ ነው። ዌስት ጋሎግሊ የተባለ ጠበቃ እ.ኤ.አ. በ1948 በዲትሮይት አካባቢ ኤኤምቲ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። የመጀመሪያ ምርቱ ከአሉሚኒየም የተሠራች ትንሽ ፎርድ ነበረች። የፎርድ ሻጮች ደንበኛቸው የአዲሱን መኪና ቅርጽና ቀለም በእጁ ይዞ እንዲያይ ይጠቀሙባት ነበር። ብዙም ሳይቆይ አሉሚኒየሙን ፕላስቲክ ተካው። ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1958 ነው። ኤኤምቲ በዚያ ዓመት ከአንድ ሳጥን ከሦስቱ አንዱን ለመሥራት የሚያስችል ኪት አወጣ፦ መኪናው ከፋብሪካ እንደወጣ፣ ለእሽቅድምድም እንደተዘጋጀ፣ ወይም በባለቤቱ ፍላጎት እንደተለወጠ። ስለዚህ ሳጥኑን የገዛው ልጅ ሙጫ ከመክፈቱ በፊት መምረጥ ነበረበት። ያልመረጣቸው ክፍሎችም አይጣሉም። በካርቶን ይጠራቀማሉ፤ ለሚቀጥለው መኪና ሞተር፣ ቸርኬ ወይም ፓራውልት ይሆናሉ። ዛሬም የእያንዳንዱ ሠሪ እውነተኛ ሀብት ይህ የመለዋወጫ ካርቶን ነው።

ያ ዘመን በካሊፎርኒያ ወጣቶች አሮጌ መኪና በርካሽ ገዝተው ላሜራውን እየቆረጡና እየበየዱ እንደ ልባቸው የሚለውጡበት ዘመን ነበር። ከሁሉ የታወቀው ጋራዥ የወንድማማቾቹ የሳምና የጆርጅ ባሪስ ነው። ቦብ ሂሮሃታ ለተባለ ወጣት የለወጡት የ1951 ሜርኩሪ እስከ ዛሬ የዚህ ጥበብ ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል። ጣሪያው ከፊት አራት ኢንች፣ ከኋላ ሰባት ኢንች ዝቅ ተደርጎ፣ በበሩ መስኮትና በኋለኛው የጎን መስኮት መካከል ያለው ምሰሶ ተነሥቶ፣ መኪናው ከፊት እስከ ኋላ በአንድ መስመር የሚፈስ መስሏል። መንጃ ፈቃድም ገንዘብም የሌለው ታዳጊ ይህን በመጽሔት አይቶ ቤቱ በፕላስቲክ ይሞክረው ነበር። ኩባንያዎቹም ይህን ስላወቁ ባለሙያዎቹን ራሳቸውን ጠሯቸው። ጆርጅ ባሪስ ከኤኤምቲ ጋር ሠራ፤ ኤድ ሮዝ የተባለው ሌላው የካሊፎርኒያ ሠሪ ደግሞ የፈጠራቸውን እንግዳ መኪኖች ሬቬል የተባለው የኪት ኩባንያ እንዲያወጣቸው አደረገ።

ጣሪያ ማውረድ የዚህ ሙያ ዋና ፈተና ስለሆነ ጠጋ ብለን እንየው። የሂሮሃታን ሜርኩሪ በ1/25 መሥራት የሚፈልግ ሰው ከፊት አራት ሚሊ ሜትር፣ ከኋላ ሰባት ሚሊ ሜትር ያህል ይቀንሳል። በጠባብ የማጣበቂያ ቴፕ ምልክት አድርጎ፣ በጥርሰ ደቃቅ መጋዝ የመስኮቶቹን ምሰሶዎች ይቆርጣል። እስከዚህ ቀላል ነው። ጣሪያውን መልሶ ሲያስቀምጠው ግን ምሰሶዎቹ አይገናኙም። የመኪና ምሰሶ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ስለዚህ የተቆረጠው ጣሪያ ከሚያርፍበት አካል ይልቅ አጭርና ጠባብ ሆኖ ይገኛል። ሠሪው ወይ ጣሪያውን ራሱን ለአራት ከፍሎ መሐሉን በቀጭን ፕላስቲክ ያሰፋዋል፣ ወይ ምሰሶዎቹን ይበልጥ ያስተኛቸዋል። ያንን ሲያደርግ የፊት መስታወቱ አይገባም፤ ከስስ ብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ ሌላ ይቆርጣል። ጣሪያው ሲወርድ የወንበሩ ራስ ወደ ጣሪያው ይጠጋል፤ የወንበሩንም እግር ያሳጥራል። አንድ መቁረጥ አምስት ሌላ ሥራ ይወልዳል።

ይህ የሥራ ሰንሰለት ነው ሙያውን ከመጫወቻነት የሚያወጣው። መኪናን ዕድሜ ልክ ተሳፍሮበት ያላየው ሰው ጣሪያውን ሲቆርጥ ያየዋል፤ ምሰሶው ለምን እንደሚያዘነብል፣ የፓራፋንጎው ቅስት ከበሩ መስመር ጋር እንዴት እንደሚያያዝ፣ ጎማው በመጠኑ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል የመኪናው ጠባይ እንዴት እንደሚለወጥ። ለመለወጥ አስቀድሞ በትክክል ማየት ያስፈልጋል።

መጋጠሚያው የሚያያዘው ከተለመደው ሙጫ በሚለይ ፈሳሽ ነው። ኪቱ የሚሠራበትን ፖሊስታይሪን የተባለ ፕላስቲክ ላዩን አሟሙቶ ሁለቱን ገጽ ያቀላቅላቸዋል፤ ፈሳሹ ሲተን አንድ አካል ሆነው ይቀራሉ። ለፕላስቲክ ብየዳ ማለት ይቻላል። ክፍተቱን ስቱኮ ይሞላዋል። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት፣ መጀመሪያ ሻካራውን፣ ቀጥሎ እየደቀቀ የሚሄደውን ከውኃ ጋር ይዞ ይፈጋል። ከዚያ ግራጫ መደብ ቀለም ይረጫል። መደቡ ዳኛ ነው፤ ጣት ያልደረሰበትን ጭረት ሁሉ ያወጣዋል። ሠሪውም ወደ ስቱኮው ይመለሳል፤ ምናልባት ብዙ ጊዜ።

ቀለሙ የራሱ ሕግ አለው። ከመኪና ቀለም ቤት የሚገዛ ብረታማ ቀለም ውስጡ ያለው ብልጭታ ለትልቅ መኪና የተለካ ስለሆነ፣ በሃያ ሴንቲ ሜትር ቦዲ ላይ ሲረጭ እንደ ጠጠር ገዝፎ ይታያል። ስለዚህ ደቃቅ ብልጭታ ያለው ቀለም ይመረጣል። ጆ ቤይሎን ከተባለው ካሊፎርኒያዊ ጋር ስሙ የሚነሣው ጥልቅ ቀይ ደግሞ በሁለት ንብርብር ይወጣል፤ ከሥር ወርቃማ ወይም ብርማ፣ ከላዩ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀይ። ብርሃኑ ቀዩን አልፎ ከሥሩ ተንጸባርቆ ስለሚመለስ ቀለሙ ጥልቀት ያለው ይመስላል። የሚረጨው በስሱ እየደጋገሙ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ የተደጋገመ ርጭት ጠቆር ብሎ ይቀራል።

ሞተሩ ላይ ደግሞ ትዕግሥት ይለካል። ከኪቱ የሚመጣው ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ሽቦ የለውም። ሠሪው ከፀጉር ጥቂት የሚወፍር ሽቦ ገዝቶ፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያውን በደቃቅ መሰርሰሪያ በስቶ፣ ስምንት መስመር ወደ ስምንት ካንዴላ ይዘረጋል። ጠንቃቃው ሰው የእውነተኛውን ሞተር የማቀጣጠል ቅደም ተከተል ሳይቀር ይከተላል። በገበያ የማይገኝ ክፍል ሲያጋጥም ቅርጹን ራሱ ይሠራና በሲሊኮን ላስቲክ ቀርጾ በሬዚን ያባዛዋል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በኮምፒውተር ነድፎ በሦስት አውታር ማተሚያ ማውጣት ተለምዷል። መሣሪያው ቢለወጥም ልኬቱን የሚወስነው ዓይን ያው የሰው ዓይን ነው።

ከዚህ ትንሽ ሥራ ትልቅ ነገር ሲወጣም ታይቷል። ጄኔራል ሞተርስ በፊሸር ቦዲ ክፍሉ በኩል ከ1930 እስከ 1968 የወጣቶች የሞዴል ውድድር ያካሂድ ነበር። በኋለኞቹ ዓመታት ተወዳዳሪዎቹ ኪት ሳይኖራቸው የራሳቸውን የወደፊት መኪና በ1/12 ይሠሩ ነበር። በ1947 ያሸነፈው ቸክ ጆርዳን ከዓመታት በኋላ የዚያው ኩባንያ የንድፍ ክፍል ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ። ቶም ዳንኤል ለሞኖግራም ኩባንያ የነደፋት፣ የጀርመን ወታደር ቁር የደፋች ቀይ መኪና ደግሞ በ1968 በኪት ከወጣች በኋላ፣ ቸክ ሚለር የተባለ ሠሪ ሙሉ መጠን አድርጎ ሠራት። ትንሿ ቀድማ ትልቋ ተከተለች። በ1977 ለታየው ስታር ዎርስ ፊልም የጠፈር መርከቦችን የሠሩት ባለሙያዎችም የታንክ፣ የአውሮፕላንና የእሽቅድምድም መኪና ኪቶችን በጅምላ ገዝተው ቁርጥራጫቸውን በመርከቦቹ ገጽ ላይ ለጥፈዋል። ተመልካቹ ያመነው ያንን የፕላስቲክ ክምር ነው።

መጀመር ለሚፈልግ ሰው መንገዱ ከቀላል ወደ ከባድ ነው። የመጀመሪያውን ኪት እንደ መመሪያው ይሥራ። በሁለተኛው ቸርኬ ይቀይርና መኪናውን ዝቅ ያድርግ። በሦስተኛው የበር እጀታዎቹን ፍቆ ቦታውን በስቱኮ ይድፈን። ጣሪያ መቁረጥ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ማጣበቂያውና ቀለሙ የሚተኑ ስለሆኑ መስኮት ተከፍቶ ይሠራ፤ ሬዚን ሲፈጋ ጭምብል ይደረግ፤ ቢላው ሁልጊዜ ከጣት ወደ ውጭ ይሂድ።

ምን እንሥራ ለሚል አንባቢ ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ። ከሺዙኦካ የተነሣው የጃፓኑ ታሚያ የ1966ቱን ቮልስዋገን 1300 በ1/24 አቅርቦታል። ከሳጥኑ የሚወጣው አዲስ፣ ንጹሕ ቮልስ ነው። የአዲስ አበባውን ቮልስ የሚያውቅ ሰው ግን ምን እንደጎደለው ወዲያው ያያል፦ ጣሪያው ላይ ፖርቶ መጋላ፣ ፀሐይ ያደበዘዘው ኮፈን፣ ከሌላ መኪና መጥቶ ቀለሙ ያልገጠመ ፓራፋንጎ፣ በሰማያዊ የተጻፈ የኮድ 2 ሰሌዳ። እነዚህ ሁሉ በቀጭን ሽቦ፣ በደበዘዘ ቀለምና በታተመ ወረቀት የሚሠሩ ናቸው። በየትኛውም ካታሎግ አይገኙም። ያንን መኪና የሚያውቀው የተሳፈረበት፣ የገፋው፣ ያጠበው ሰው ነው፤ ስለዚህ መሥራት ያለበትም እሱ ነው።