ሲስተሙ ሲከለክል ማን ይጠየቃል? የመርካቶ ዱቤና የማሽን ነጥብ

በመርካቶ የጅምላ ንግድ ዱቤ ከጥሬ ገንዘብ ያላነሰ ሥራ ይሠራል። ከክፍለ ሀገር የመጣ ቸርቻሪ ግማሹን ከፍሎ፣ ቀሪውን በሚቀጥለው ሲመጣ ሊከፍል ተስማምቶ ዕቃውን ሲያስጭን፣ በሁለቱ መካከል ያለው ሰነድ ብዙ ጊዜ በባለ ሱቁ ደብተር ላይ የሰፈረች አንዲት መስመር ብቻ ናት። ከዚያች መስመር ጀርባ ግን ሰውዬው የማን ልጅ እንደሆነ፣ ያለፈውን ዕዳ በስንት ጊዜ እንደመለሰ፣ ዕቁቡን ሳያስተጓጉል ይጥል እንደሆነና ቢጠፋ ማን ተጠርቶ እንደሚጠየቅ የሚያውቅ ነጋዴ አለ። ጣሊያን በወረራው ዘመን የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ወደዚህ ካዛወረው ጊዜ ጀምሮ ይህ ዕውቀት ሲከማች የኖረው በሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው።

አሁን ያው ዕውቀት በሌላ መንገድም እየተሰበሰበ ነው። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር በመተባበር «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉትን የብድር አገልግሎቶች አምጥቷል፤ የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክም ከክፍያ ፋይናንሺያል ቴክኖሎጂ ጋር ሆኖ ለአነስተኛ ነጋዴዎች ያለ መያዣ የሚያበድር «ሚቹ» የተባለ አገልግሎት ዘርግቷል። እንዲህ ያሉ አገልግሎቶች የሚመሠረቱበት የብድር ነጥብ፣ አንድ ሰው ያለፈውን ገቢና ወጪውን፣ የአከፋፈል ልማዱንና የመሳሰሉትን ምልክቶች በቁጥር ቀምሮ የሚበደረውን ይመልስ እንደሆነ የሚገምት ስሌት ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ በአሜሪካ በዚሁ ሥራ የሚታወቀው ፌር አይዛክ የተባለ ኩባንያ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ማለትም ከብዙ ዳታ ውስጥ ራሱ ንድፍ እየፈለገ የሚተነብይ የኮምፒዩተር ሥርዓት፣ የጨመረበት ነገር ፍጥነትና ስፋት ነው፤ ሰነድ ተይዞ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ሲኬድ ሳምንታት ይወስድ የነበረው ውሳኔ በስልክ ላይ ወዲያው ይመጣል።

ለማሽኑም ሚዛናዊ ፍርድ መስጠት ተገቢ ነው። የድሮው መንገድ የሚያውቀውን ያቅፍ እንጂ የማያውቀውን ደጅ ያስጠና ነበር። መርካቶ ውስጥ ዘመድም የአገር ልጅም የሌለው ወጣት ወይም በባሏ ስም እንጂ በራሷ ስም የማትታወቅ ነጋዴ የመጀመሪያውን ዱቤ እስክታገኝ ዓመታት ሊፈጅባት ይችላል፤ ባንክ ብትሄድ ደግሞ ቤት ወይም መኪና አስይዢ ትባላለች። ስሌቱ የማን ልጅ መሆንን አይጠይቅም። «ሰው ይሻላል» የሚለውን መፈክር በቀላሉ የሚያስተጋቡ ጸሐፊዎች ይህን ጎን ሲዘሉት መታየታቸው ያስተዛዝባል።

ይሁን እንጂ ነጥቡ የሚያየው በስልክና በባንክ በኩል ያለፈውን ብቻ ነው። በመርካቶው ምን አለሽ ተራ ከቁራሌው ጣሳና ብረት በጥሬ ገንዘብ እየገዛ የሚሸጥ ሰው፣ ገንዘቡ ቀኑን ሙሉ ሲገለባበጥ ቢውልም፣ በስሌቱ ዓይን ሥራ ፈት ሊመስል ይችላል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ማሽኑ ዝምታን ሲያይ ምክንያቱን አለማወቁ ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ላይ የተነሣው ቃጠሎ የብዙ ነጋዴዎችን ሱቅና ንብረት ሲያወድም፣ ዕቃው የነደደበት ሰው የሚያንቀሳቅሰው ገንዘብ በአንድ ሌሊት ይቆማል። ይህ የቆመ ሒሳብ ለስሌቱ ሥራውን ጥሎ ከሸሸ ተበዳሪ ሒሳብ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ለጎረቤቱ ግን አይደለም፤ ጎረቤቱ ጭሱን አይቷል፣ ሰውዬው ከዚያ በፊት እንዴት ይከፍል እንደነበርም ያስታውሳል፣ ስለዚህ ብድር ከምንጊዜውም ይልቅ የሚያስፈልገው አሁን እንደሆነና የመመለስ ልማዱ ከዕቃው ጋር እንዳልተቃጠለ ሊያመዛዝን ይችላል።

የአመራር ጥያቄ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሰውን ማዕከል ያደረገ አመራር ሲባል ብዙዎች ፈገግታና ማበረታቻ ይመስላቸዋል፤ በዚህ ጽሑፍ ግን ትርጉሙ ጠበብ ያለ ነው፦ ውሳኔው የነካው ሰው መጥቶ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቀው፣ ምክንያቱን የሚመልስለትና አስፈላጊ ሲሆን ውሳኔውን መቀየር የሚችል ሰው መኖሩ ነው። የመርካቶ ዕቁብ ዳኛ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ተራው የሚወጣው በዕጣ ነው፤ ዕጣውም እንደ ማሽን ማንንም አያዳላም። ነገር ግን አንዱ አባል ቤቱ ሐዘን ሲገባ ወይም ዕቃው ጉምሩክ ተይዞበት ሲጨነቅ ዳኛው ዕጣ የወጣለትን ሰው ለምኖ ተራ ያለዋውጣል፤ ገንዘቡን የሚቀበለው ሰው ዋስ ይጠራል፤ ዳኛውም ውሳኔውን በሌሎቹ አባላት ፊት ቆሞ ያስረዳል፣ ካበላሸም በሚቀጥለው ሳምንት እነዚያኑ ፊቶች ያገኛቸዋል። ተራውን የሚወስነው ዕጣ እንጂ ሰው አይደለም፤ የሚጠየቀው ግን ሰው ነው።

በቢሮዎቻችን የሚሰማው ግን ብዙ ጊዜ የዚህ ተቃራኒ ነው። «ሲስተም የለም» የሚለውን መልስ ለለመደ ባለ ጉዳይ «ሲስተሙ አልፈቀደም» የሚለው አዲስ አይሆንበትም፤ ልዩነቱ የመጀመሪያው ነገ ተመለስ ማለት ሲሆን ሁለተኛው በር መዝጋቱ ነው። መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ሠራተኛ ምክንያቱን አያውቀውም፣ አለቃውም አያውቀውም፣ ምናልባትም ሶፍትዌሩን የገዛው ክፍል በሙሉ አያውቀውም፤ ይሁንና ሁሉም ውሳኔውን ያስፈጽማሉ። በዚህ ሁኔታ ትልቁ አደጋ የማሽኑ ስሕተት አይደለም፤ አለቃው ከማሽኑ ጀርባ መደበቅ መቻሉ ነው።

ይህ እስከ ምን ሊያደርስ እንደሚችል በብሪታንያ ፖስታ ቤት ታይቷል። እዚያ ብዙዎቹ የሰፈር ፖስታ ቤቶች የሚተዳደሩት ከአነስተኛ ሱቅ ጋር አጣምረው በሚሠሩ ሰዎች ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ፉጂትሱ የሠራው ሆራይዘን የተባለ የሒሳብ ሶፍትዌር ያልጎደለ ገንዘብ ጎደለ ማለት ጀመረ። ሶፍትዌሩ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አልነበረም፤ ተራ የሒሳብ መዝገብ ነበር። ባለ ሱቆቹ ቢጮኹም የበላዮቻቸው ያመኑት ኮምፒዩተሩን ነበር፤ ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ችግር የገጠማቸው እነርሱ ብቻ እንደሆኑ ተነግሯቸዋል። ከ900 በላይ ሰዎች ጥፋተኛ ከተባሉ በኋላ፣ ፓርላማው ፍርዱን በጅምላ የሚሽር ሕግ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። የመርካቶ ባለ ሱቅ ይህን ታሪክ ሲሰማ ወደ አእምሮው የሚመጣው የራሱ ቆጠራ ነው። ቆጠራ ተደርጎ ዕቃ ሲጎድል ሠራተኛው ይጠራል፣ ተያዡም ይጠራል፣ ደረሰኝ ከደብተር ጋር ይተያያል፣ መጋዘኑም ዳግመኛ ይቆጠራል፤ ጉድለቱ ሌላ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ካርቶን ሆኖ የሚገኝበት ጊዜም አለ። ሶፍትዌር የገዛ ባለ ሱቅ ይህን ሁለተኛ ቆጠራ ከተወ፣ የተወው ጊዜ የሚያባክን ልማድ ሳይሆን ሠራተኛው ራሱን የሚከላከልበትን ብቸኛ ዕድል ነው።

ሕጉ መንገዱን በከፊል ጠርጓል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያለማስጠንቀቂያ የሚሰናበት ሠራተኛ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽለት ያዛል፤ «ነጥብህ ዝቅ አለ» የሚል ወረቀት ደግሞ ምክንያት ነው ለማለት ያስቸግራል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እና በሰኔ 2016 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት የጸደቀው ብሔራዊ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ፖሊሲም ተጨምረዋል። ከአገር ውጭ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት የዳታ ጥበቃ ደንብ በ22ኛው አንቀጹ፣ በሰው ላይ ከባድ ውጤት የሚያስከትል ውሳኔ በማሽን ብቻ እንዳይሰጥ በመርህ ደረጃ ከልክሎ፣ ማሽኑ ብቻውን እንዲወስን በሚፈቀድባቸው አንዳንድ ሁኔታዎችም ሰው ጣልቃ እንዲገባ የመጠየቅ መብትን ይጠብቃል።

በተግባር ሲታይ ነገሩ የሚወሰነው በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ባለ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ፣ ሥራ አስኪያጁ ስሌቱ የከለከለውን ሰው ጠርቶ ለማነጋገር፣ ሱቁ ድረስ ሄዶ ለማየትና ምክንያቱን ጽፎ ውሳኔውን ለመቀየር ሥልጣን አለው ወይስ የለውም በሚለው ነው። ሥልጣኑ ቢኖረው እንኳ ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ ማሽኑ የተገዛው ደግሞ ጊዜ ለመቆጠብ ነው። ሥራ አስኪያጁ በዓመቱ መጨረሻ የሚመዘነው ባሰባሰበው ተቀማጭና በከፈተው ሒሳብ ብዛት ብቻ ከሆነ፣ ሱቁ ለተቃጠለበት ነጋዴ ያጠፋው ጊዜ በሥራ አፈጻጸም ቅጹ ላይ የሚሞላበት ቦታ የለውም፤ ምዘናውን የሚያወጣው ዋናው መሥሪያ ቤት ይህን ሳያስተካክል ከቅርንጫፉ ሌላ ነገር መጠበቅ አይችልም።