አልበሙን ብቻችሁን አትሥሩት

የቤተሰብ አልበም መሥራት የሚፈልጉ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ምን ዓይነት ወረቀት ልግዛ? ፎቶውን በምን ላጣብቀው?» ብለው ነው። ሁለቱንም ከታች እመልሳለሁ። የሚቀድመው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ገጹ ሲሠራ እነማን አብረው ይቀመጣሉ?

አልበም ስል ፎቶ በላስቲክ ኪስ የሚከተትበትን ማለቴ አይደለም። ፎቶው፣ የሠርግ ጥሪው፣ የድሮው መታወቂያ፣ የቡና ደረሰኙ አንድ ገጽ ላይ ተለጥፎ ታሪኩ ከጎኑ በእጅ የሚጻፍበትን ነው። ፈረንጆቹ ስክራፕቡክ ይሉታል። ለእኛም ባዕድ ነገር አይደለም፤ ሃይስኩል የተማረ ሰው ኦቶግራፍ ያውቃል። ደብተሩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ እያንዳንዱ ጓደኛ ጉርድ ፎቶውን ለጥፎ ምኞቱን በራሱ እጅ ጽሑፍ ያሰፍርበታል። ባለቤቱ አንድ፣ ጸሐፊዎቹ ብዙ። የቤተሰብ አልበምም እንደዚያ ሲሠራ ነው ነፍስ የሚዘራው።

📷 አንድ ገጽ ላሳያችሁ

ዲላ ቤታችን ውስጥ ዙሪያው ነጭ የሆነ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለ። አያቴ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አሳርፏል። አጠገቡ አጎቴ ቆሟል፣ ገና ልጅ ነው። እኔ ብቻዬን ብሠራው ኖሮ ከሥሩ «አያቴና አጎቴ» ብዬ እጽፍ ነበር፤ የማውቀው ይህንኑ ነዋ።

ሴት አያቴ ግን ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ ጣቷን ልጁ እግር ላይ አሳረፈች። «ጫማው እኮ የእሱ አይደለም» አለች። የጎረቤት ልጅ ጫማ ነው፣ ለፎቶ የተዋሱት፤ ሰፍቶት ስለነበር ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቀውበታል። አክስቴ ደግሞ ቡና ተሸጦ ገንዘብ በተገኘበት ሰሞን የተነሱት እንደሆነ ነገረችን። ዓመቱ ላይ ከአባቴ ጋር ተከራከሩ። በመጨረሻ አባቴ «ዘማቾቹ ሲመጡ እኮ ወንድሜ ቁመቱ አባታችንን አክሏል» ሲል ነገሩ ተቋጨ። የዕድገት በኅብረት ዘመቻ የተጀመረው በ1967 ዓ.ም. ስለሆነ ፎቶው ከዚያ በፊት የተነሣ ነው ማለት ነው። ይህ ሁሉ አሁን ገጹ ላይ አለ፣ እያንዳንዱ የተናገረው በራሱ እጅ ተጽፎ።

👨‍👩‍👧‍👦 ለማን ምን ሥራ እንስጥ?

1. ትልልቆቹ ይናገሩ። «ታሪክ ንገሩን» ካላችኋቸው «ምን ታሪክ አለኝ ልጄ» ይሏችኋል። ፎቶውን እጃቸው ላይ አስቀምጡና ትንንሹን ጠይቁ፦ ይቺ ማን ናት? ቤቱ የማን ነው? ያን ቀን ምን ተበላ? ዓመተ ምሕረት አትጠይቁ፤ «ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው ከዚያ በፊት?»፣ «ሚሌኒየሙ ደርሶ ነበር?» በሉ። 1983 እና 2000 ማንም ቤት የማይረሱ ዓመታት ናቸው። ስልካችሁን ድምፅ መቅጃ ላይ አድርጋችሁ አጠገባቸው አስቀምጡት።

2. ልጆች ይጻፉ። አያት በጌዴኦ ቋንቋ፣ በጌዴኡፋ፣ የምታወራ ከሆነ በዚያው ታውራ፤ ወደ አማርኛ አታስገድዷት። ጌዴኡፋ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ፣ ትምህርት ቤት የተማረው ልጅ የአያቱን ቃል እንዳለ ገጹ ላይ ያሰፍረዋል። አማርኛው ከሥሩ ይግባ፣ አዲስ አበባ ወይም ሐዋሳ ያደጉት የአጎት ልጆች እንዲያነቡት።

3. የጓሮውን ገጽ ሁሉም ይሥራው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እንሰቱ፣ ቡናውና ትልልቁ ዛፍ በአንድ ማሳ ተደጋግፈው የሚያድጉበት አሠራር ዓለም የመሰከረለት ነው። በእናንተ ማሳ የትኛውን ዛፍ ማን እንደተከለው ግን በየትኛውም መዝገብ የለም። አባት ካርታውን ይሣል፤ እናትና አያት የእንሰቱን ዓይነት በየስሙ ይናገሩ፣ ሲፍቁትና ሲያዘጋጁት የኖሩት እነሱ ናቸውና። ልጆቹ ቀለም ይቀቡ። የቡና ቅጠል መለጠፍ ከፈለጋችሁ በጋዜጣ መሐል አድርጋችሁ ከባድ መጽሐፍ ጫኑበት፤ በደንብ ሳይደርቅ ከተለጠፈ ገጹን ያሻግተዋል።

4. ሩቅ ያሉት በድምፅ ይግቡ። የገጹን ፎቶ ለቤተሰቡ ግሩፕ ላኩ፤ በቮይስ የሚመልሱትን አንድ ሰው ይገልብጠው።

ሁለት ሰው ሁለት ነገር ካስታወሰ ሁለቱንም ጻፉ፣ ከነስማቸው። ዳኛ አትሁኑ። ፎቶው እንዲለጠፍ የማይፈልግ ሰው ካለ ደግሞ አክብሩለት። ሐዘኑ ያልወጣለት ሰው ካለ ያን ገጽ ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

🏠 ፎቶ የሌለው ቤተሰብስ?

ይህን ክፍል በተለይ እንድታነቡልኝ እፈልጋለሁ። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተፈጠረው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተፈናቅለዋል። ልጁን አዝሎ የሚሸሽ ሰው አልበም አይዝም። ስለዚህ በአካባቢያችን አንድም የድሮ ፎቶ የሌለው ቤት ብዙ ነው።

እንዲህ ያለ ቤተሰብም አልበም ይኖረዋል። የቀድሞው ቤት በር በየት በኩል ነበር? ምድጃው የት ነበር? ከብቶቹ ስማቸው ማን ነበር? ቤተሰቡ ተቀምጦ እየተነጋገረ ይሣለው። የጎረቤቶችን ስም በየቤታቸው ቦታ ጻፉ። የአያቶችን የዘር ሐረግ እስከምታውቁት ድረስ ቁጠሩ፣ ጎሳውንም አስገቡ። ዘመድ ቤትም ጠይቁ፤ እናንተ ጋ የጠፋው የሠርግ ፎቶ ሚዜ የነበረው ሰው ጋ ሊገኝ ይችላል።

«ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው ፕሮጀክት የመዲናዋን የድሮ ሕይወት ያሳየን ከየሰዉ ቤት በወጡ ፎቶዎችና ከባለቤቶቹ በተሰሙ ታሪኮች ነው። የዲላም፣ የወናጎም፣ የይርጋጨፌም፣ የቡሌም ታሪክ በየቤታችን ነው ያለው። ቤተሰብ ካልሰበሰበው ማንም አይሰበስብልንም።

✂️ አሁን ወደ ወረቀቱ

• ከመለጠፋችሁ በፊት ሁሉንም ፎቶ፣ ጀርባውን ጨምሮ፣ በስልክ አንሡ። መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ። «ለማስታወሻ» ተብሎ የተጻፈው ጀርባው ላይ ነው፤ የስቱዲዮው ማኅተምም እዚያው ይገኛል።
• ወፍራም፣ የማያብረቀርቅ ወረቀት ይበቃል።
• ፕላስተር አትጠቀሙ፤ ቢጫ ይሆናል፣ ፎቶውንም ይልጠዋል። ከወረቀት ትንንሽ የሦስት ማዕዘን ኪስ ሠርታችሁ የፎቶውን አራት ጥግ ሰኩበት፤ ሙጫው ወረቀቱን እንጂ ፎቶውን አይነካም።
• ዋናውን ፎቶ ላሚኔት አታስደርጉ፤ ከዚያ በኋላ መመለሻ የለውም።
• ጀርባው ላይ መጻፍ ካለባችሁ በእርሳስ፣ ሳትጫኑ።
• አካባቢያችን ዝናብና እርጥበት አያጣም። አልበሙን ከወለልና ከግድግዳ አርቁ፤ ከምድጃ ጭስም እንዲሁ።

የጌዴኦ ዘመን መለወጫ ደራሮ፣ ገና ወይም ፋሲካ ሲደርስ ዘመድ ይሰበሰባል። ቡናው እስኪፈላ አንድ ገጽ ጀምሩ። አንድ ብቻ። ከታች የተሳተፉት ሁሉ ስማቸውንና ቀኑን ይጻፉ፣ መፈረም የማይችሉ አሻራቸውን ያኑሩ። ሩብ ገጽ ባዶ ተዉ፤ ያን ቀን ያልመጣው ዘመድ የሚያውቀውን ይጨምርበታል።