የዋሽንግተን ውሳኔና የቤታችን ክኒን

«የውጭ ጉዳይ ፖሊሲ» ሲባል ምን ይታያችኋል? ኤምባሲ? ባንዲራ? በዜና ሰዓት የሚጨባበጡ መሪዎች? እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ዛሬ ግን የምታየኝ በቁም ሣጥናችን ውስጥ ያለችው የክኒን ብልቃጥ ናት።

እኔና ባለቤቴ ኤች አይ ቪ በደማችን መኖሩን ካወቅን ዓመታት ተቆጥረዋል። በየምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ሲጮኽ ከአንድ ብርጭቆ ውኃ ተካፍለን መድኃኒታችንን እንውጣለን። ባለቤቴ በእርግዝናዋ ወቅት መድኃኒቱን በሥርዓት በመውሰዷ ልጃችን ከቫይረሱ ነጻ ሆና ተወለደች። ዛሬ 16 ዓመቷ ነው፤ ጌታ ይመስገን።

ይህ መድኃኒት ከየት መጣ? በአገራችን በነጻ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ከዚያ በፊት አቅም ያለው ሲገዛ የሌለው አልጋ ላይ ይቀር ነበር። ከድጋፍ ሰጪዎቹ አንዱ ፔፕፋር የተባለው የአሜሪካ መንግሥት ፕሮግራም ነው። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ በጃንዋሪ 2003 ለአምስት ዓመት 15 ቢሊዮን ዶላር እንዲመደብ ምክር ቤቱን ጠየቁ፤ በዚያው ዓመት በሜይ ወር ሕጉን ፈረሙ። ኢትዮጵያም ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች አንዷ ሆነች።

በጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ግን ፕሬዚዳንት ትራምፕ የውጭ እርዳታ ለ90 ቀን እንዲቆም አዘዙ። ከቀናት በኋላ ሕይወት አድን ለሆነ ሕክምና ፈቃድ ቢሰጥም፣ ወሬው ከፈቃዱ ቀድሞ ቤታችን ገባ።

«አባዬ፣ መድኃኒታችሁን ሊከለክሏችሁ ነው?» አለችኝ ልጄ። መልስ አልነበረኝም። ሌሊት ሁሉም ሲተኛ ክኒኖቼን ቆጠርኩ፤ 47 ነበሩ። የምንወስደው አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ እኔ ቀን እየዘለልኩ ብወስድ ለባለቤቴ ይተርፋል ብዬ አሰብኩ። ማድረግም ጀመርኩ። ፍቅር መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ ባለቤቴ ደረሰችብኝ። «ለማን ጥለኸኝ ልትሄድ ነው?» ብላ አለቀሰች።

በማግሥቱ ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን። ሲስተሯ ተቆጥታም አዝናም አስረዳችን። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ቫይረሱ በሳምንታት ውስጥ እንደገና ይራባል። እየተዘለለ ሲወሰድ ደግሞ ቫይረሱ ሊለማመደው ይችላል፤ ያን ጊዜ ክኒኑ በእጅ እያለም ላይሠራ ይችላል። በሥርዓት ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ የሆነ ሰው ግን በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። ቀጠሯችን ሲደርስ መድኃኒታችንን አገኘን።

የንዕማን ታሪክ ትዝ አለኝ። የሶርያ ንጉሥ ስለ በሽተኛው ደብዳቤ ቢልክ፣ የእስራኤል ንጉሥ የጠብ ሰበብ መስሎት ልብሱን ቀደደ። ነገሥታቱ ስለ መንግሥት ሲያስቡ፣ አስቀድማ ስለ በሽተኛው ያሰበችው ግን በቤቱ ያለች አንዲት ትንሽ ብላቴና ነበረች።

ባለ ትዳሮች ሆይ፣ የዋሽንግተንን ውሳኔ እኛ አንወስንም። በቤታችን የምንወስነው ግን አለ። ፍርሃታችሁን ከትዳር ጓደኛችሁ አትደብቁ። ባለሙያ ሳታማክሩ መድኃኒት አታቋርጡ። ጸሎት የመድኃኒት ጠላት አይደለም፤ የተጸለየለትን ወንድም «ክኒንህን ጣል» አትበሉት። በኅብረታችሁ የትራንስፖርት ገንዘብ አጥቶ ቀጠሮ የሚያልፍበት ካለም አብራችሁት ሂዱ።

ዛሬም ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ይጮኻል። አሁን ግን ውኃውን የምታመጣልን ልጃችን ናት።