ምላጭ ከመቀየራችሁ በፊት



ሰሞኑን ሦስት ወንድሞች በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ ልከውልኛል። «ኤአር-15 ጠመንጃ ገዛሁ፤ ምላጩ ከባድና ሻካራ ነው፤ የትኛውን ልቀይርለት?» ሦስቱም የሚኖሩት እዚሁ ቴክሳስ ነው፤ ሦስቱም ቅዳሜና እሑድ ኢላማ መተኮስ የጀመሩ ናቸው። ለእያንዳንዳቸው ከምጽፍ እዚህ ለሁላችሁም ላስቀምጠው ብዬ ነው። ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ። በዚህ ጉዳይ ገንዘብም ጊዜም ከፍያለሁ፤ ያንኑ እናንተ ደግማችሁ እንድትከፍሉ አልፈልግም።

መጀመሪያ ቃሉ ላይ እንስማማ። ጣታችን የሚስበውን ቁራጭ ምላጭ እለዋለሁ፤ ቃታ የምትሉትም ካላችሁ ያው ነው። ሱቅ ውስጥ «ትሪገር» ተብሎ የሚሸጠው ግን ምላጩ ብቻውን አይደለም። መዶሻው፣ ዲስኮኔክተር የሚባለው መንጠቆና ምንጮቹ አብረው ይመጣሉ።

🔹 እኔን የገጠመኝ

የመጀመሪያው ጠመንጃዬ ምላጭ በመለኪያ 7 ፓውንድ ነበር፤ ወደ 3.2 ኪሎ ማለት ነው። ስስበው ይንቀረፈፋል፤ መቼ እንደሚለቅ አይታወቅም። አንድ ሱቅ ሄጄ «ያላችሁን ቀላሉን ስጡኝ» አልኩና 3 ፓውንድ የሚሳብ ገዛሁ። ጠረጴዛ ላይ አስደግፌ ስተኩስበት በጣም ወደድኩት።

ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ «ሰርቪስ ራይፍል» ውድድር ሄድኩ። ይህ ሲኤምፒ የሚባለው የአሜሪካ የተኩስ ስፖርት ድርጅት በሚያወጣው ደንብ የሚካሄድ ነው፤ ትልቁ ዓመታዊ ውድድር ኦሃዮ ውስጥ ካምፕ ፔሪ ላይ ይደረጋል። ከተኩሱ በፊት ዳኛው ባዶውን ጠመንጃ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አቁሞ 4.5 ፓውንድ ክብደት ምላጩ ላይ ያንጠለጥላል። ምላጩ ክብደቱን ተሸክሞ ከመሬት ማንሳት አለበት። የእኔ ገና ክብደቱ ሳይነሳ ቀጭ ብሎ ለቀቀ። ሁለት ሰዓት ነድቼ የሄድኩበትን ውድድር ዳር ቆሜ አየሁት።

ያን ቀን አጠገቤ አንድ አባት ተቀምጠው ነበር፤ ጋሼ ነው የምላቸው። በንጉሡ ዘመን በወጣትነታቸው ወታደር ነበሩ፤ ተኩስ የተማሩት በኤም-ዋን ነው። የቃኘው ሻለቃ ልጆች ኮሪያ ላይ የተዋጉበት፣ የአሜሪካኖቹ ጋራንድ። ነገሬን ሰምተው እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ምላጭ ጥሩ የሚሆነው ስለቀለለ አይደለም። የሚለቅበትን ቦታ ጣትህ ሲያውቀው ነው።»

ከዚያ ወዲህ የገዛሁትንም የመከርኩትንም ሁሉ የመዘንኩት በዚህች አንዲት ቃል ነው።

🔹 ውስጡ ምን ይሠራል?

መዶሻው ወደ ኋላ ተኝቶ በምንጭ ኃይል ታፍኗል። ከምላጩ ጋር የተያያዘ ጥርስ ይዞታል። ምላጩን ስትስቡ ጥርሱ እየተንሸራተተ ይወጣና መዶሻው ተወንጭፎ መርፌውን ይመታል። ጥይቱ ሲተኮስ ቦልቱ ወደ ኋላ ሄዶ መዶሻውን መልሶ ያስተኛዋል። በዚህ ጊዜ ጣታችሁ ምላጩን ገና አልለቀቀም። ዲስኮኔክተሩ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ መዶሻውን ጠልፎ ይይዘዋል፤ ጣታችሁን ስታላሉ መልሶ ለጥርሱ ያስረክበዋል። ከፊል አውቶማቲክ የሚያሰኘው ይኸው ነው፤ አንድ ስበት፣ አንድ ጥይት።

ስለዚህ ምላጭ ስትፈትሹ አምስት ነገር አዳምጡ፦

1. ልል ጉዞ፦ ምንም ሳይከብድ የሚሄደው መጀመሪያው።
2. መጎተት፦ ከከበደ በኋላ ሳይለቅ የሚንሸራተተው። ሻካራ ሆኖ የሚሰማችሁ ይሄ ነው።
3. መልቀቂያው፦ ጥርሱ የሚለቅባት ቅጽበት። እንደ ቀጭን ብርጭቆ ብትሰበር ደስ ይላል።
4. ትርፍ ጉዞ፦ ከለቀቀ በኋላ ምላጩ ወደ ኋላ የሚሄደው።
5. መመለሻው፦ ጣት ሲላላ ቀጭ የምትለዋ፤ ለቀጣዩ ጥይት ተዘጋጅቻለሁ የምትል።

ከአምስቱ ውስጥ ክብደት የለበትም። ክብደት ስድስተኛው ነው።

🔹 ታዲያ ክብደት ምን ያደርጋል?

ባዶ ኤአር-15 ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 7 ፓውንድ ይመዝናል። ምላጩም 7 ፓውንድ ከሆነ ጠመንጃው ራሱ በሚመዝነው ልክ እየጎተታችሁት ነው ማለት ነው። ቆማችሁ ስትተኩሱ ያ ኃይል ትንሽ ወደ ጎን ከሄደ ጠመንጃው አብሮ ይሄዳል።

በቁጥር እንየው። በፊተኛውና በኋለኛው ማነጣጠሪያ መካከል 50 ሴንቲ ሜትር ቢኖርና የፊተኛው 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ጎን ቢዞር፣ 100 ሜትር ላይ ጥይቱ 20 ሴንቲ ሜትር ይስታል። በውድድሩ 200 ያርድ ላይ የ10 ነጥቡ ክበብ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 7 ኢንች ነው፤ 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ። አንዲት ሚሊ ሜትር ከዚያ ክበብ እጅግ ታርቃችኋለች። ምላጭ መቀየር የሚጠቅመው ለዚህ ነው። በርሜሉን የተሻለ አያደርገውም፤ ጥይቱን የተሻለ አያደርገውም። ጠመንጃው ያለውን አቅም የእናንተ እጅ እንዳያበላሸው ይረዳል፤ ከዚህ ያለፈ ተስፋ አትጣሉበት።

🔹 ባለ አንድ ደረጃ ወይስ ባለ ሁለት?

ባለ አንድ ደረጃ ምላጭ ስትነኩት ግድግዳ ነው፤ ግድግዳው ሲሰበር ይተኮሳል። ፈጣን ነው፤ ከኢላማ ኢላማ እየሮጡ ለሚተኩሱ ይመቻል።

ባለ ሁለት ደረጃው መጀመሪያ ለስለስ ብሎ ይሳባል፤ ከዚያ ግድግዳ ላይ ይቆማል። እዚያ ላይ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ታነጣጥራላችሁ፤ ጥቂት ስትጨምሩበት ይለቃል። የጋሼ ኤም-ዋን ምላጭም ባለ ሁለት ደረጃ ነበር፤ «የሚለቅበትን ቦታ ጣትህ ሲያውቀው» ያሉኝ ከዚያ የለመዱት ነው። ሌላም ጥቅም አለው። ጣት ሳይነካው ጥርሱ መዶሻውን በሰፊው ይዞ ይቆያል፤ ብዙውን መንሸራተት የሚጨርሰው በመጀመሪያው ደረጃ ነው። ስለዚህ መልቀቂያው ስል ሆኖም መያዣው አስተማማኝ ይሆናል።

የጋይስሊን ኤስኤስኤ ለምሳሌ ውሰዱ። መጀመሪያው ደረጃ 2.5 ፓውንድ፣ ሁለተኛው 2 ፓውንድ፤ ድምሩ 4.5፣ ወደ 2 ኪሎ። በወረቀት ላይ ሁለት ኪሎ ስኳር ነው። ግድግዳው ላይ ስትደርሱ ግን የቀረችው የመጨረሻዋ 2 ፓውንድ ስለሆነች እጅግ የቀለለ ሆኖ ይሰማል። የቴክሳሱ ላሩ ኤምቢቲ-2ኤስም በተመሳሳይ ክብደት ይሠራል፤ ዋጋው ደግሞ ይቀንሳል።

🔹 ለማን የትኛው?

▪️ ለጀማሪና ለሁሉም ነገር አንድ ጠመንጃ ላለው፦ ሁለት መንገድ አለ። ገንዘብ ካጠረ እንደ ኤኤልጂ ኤሲቲ ያለ፣ አሠራሩ የፋብሪካውን የሚመስል ግን ገጹ የለሰለሰና የተቀባ ምላጭ፤ ክብደቱ ብዙ ባይቀንስም መጎተቱ ይጠፋል። ካልሆነ 4.5 ፓውንድ ባለ ሁለት ደረጃ።

▪️ ለሰርቪስ ራይፍል ውድድር፦ 4.5 ፓውንድ ባለ ሁለት ደረጃ። ልክ ድንበሩ ላይ ስለሆነ ምንጩ ሲለማመድ ሊወርድ ይችላል፤ ከመሄዳችሁ በፊት ቤት መዝኑት። አሥር ጊዜ መዝናችሁ አማካዩን ውሰዱ።

▪️ ለፍጥነት ውድድር፦ እንደ ቲምኒ ያለ 3 ፓውንድ ገደማ ባለ አንድ ደረጃ። ቲምኒ ከ1946 ጀምሮ በዚህ ሥራ ላይ ያለ ድርጅት ነው።

▪️ ለአደንና ለቤት ጥበቃ፦ እጅ በብርድ ይደነዝዛል፤ ልብ በድንጋጤ ይመታል። ከ4 ፓውንድ በታች እንድትወርዱ አልመክርም።

ጠፍጣፋ ወይስ ጎባጣ የሚለው የምርጫ ጉዳይ ነው። ጠፍጣፋው ጣትን ዝቅ አድርጎ ለመሳብ ስለሚፈቅድ ቀለል ብሎ ይሰማል።

🔹 ከመግዛት በፊት የሚታይ

ፒኑን ለኩ። የዛሬዎቹ አብዛኞቹ ኤአር-15ዎች የምላጭና የመዶሻ ፒን 0.154 ኢንች ነው። የአንዳንድ የቆዩ የኮልት ጠመንጃዎች ፒን ግን ከዚህ የሰፋ ነው፤ የተለመደው አይሆናቸውም።

ተገጣጥሞ በአንድ ሳጥን የሚመጣ አለ፤ በተናጠል የሚገጠምም አለ። ሳጥኑ ለመግጠም ቀላል ነው። በተናጠል የሚገጠመው ደግሞ ቆሻሻ ሲገባበት ለማጽዳትና አንድ ምንጭ ብቻ ለመቀየር ይመቻል።

የመዶሻውን ምንጭ አታቅልሉ። ምላጩን ለማቅለል ብለው ምንጭ የሚቆርጡ ወይም የሚያጣምሙ አሉ። መዶሻው ከደከመ፣ በተለይ ጠንካራ ፕራይመር (ማቀጣጠያ) ባለው የወታደር ጥይት፣ መርፌው ይነካና ሳይተኮስ ይቀራል። ጥርሱን በሞረድ ማሻሸትማ ፈጽሞ አይሞከር። የብረቱ ጥንካሬ ያለው ላዩ ላይ ነው፤ ያ ስስ ንብርብር ከተፋቀ ጥርሱ ቶሎ ይበላል፤ መዶሻው ሳይሳብ ሊለቅ ይችላል።

የኤአር ምላጭ ለክላሽ አይሆንም። ለክላሽ ለብቻው የሚሠራ አለ።

🔹 ከተገጠመ በኋላ

ጥይት በሌለበት ክፍል፣ ካዝናው ወጥቶ፣ ጠመንጃው ምንም እንዳልጎረሰ በዓይንም በጣትም አረጋግጣችሁ፦

— መዶሻውን አስተኝታችሁ ሴፍቲ ላይ አድርጉና ሳቡ። መልቀቅ የለበትም።
— ሴፍቲውን ከፍታችሁ ሳቡ። መልቀቅ አለበት። የታችኛውን አካል ነጥላችሁ የምትፈትሹ ከሆነ መዶሻውን በአውራ ጣታችሁ ተቀበሉት፤ ባዶውን ብረት እንዳይመታ።
— ምላጩን እንደሳባችሁ ይዛችሁ መዶሻውን መልሳችሁ አስተኙት። መያዝ አለበት። ምላጩን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ፤ ቀጭ ይላል፤ መዶሻው ግን አይወድቅም።

ከሦስቱ አንዱ ካልሠራ ወይም ሜዳ ላይ በአንድ ስበት ሁለት ጥይት ከወጣ፣ ተኩሱን እዚያው አቁማችሁ ወደ ባለሙያ ውሰዱት። ጉዳቱ በሰው ሕይወት ነው፤ በሕግም ከባድ ጣጣ ያመጣል።

🔹 ስለ ሕግ

የግዛታችሁን ሕግ ተመልከቱ፤ ቴክሳስ የተፈቀደው ካሊፎርኒያ ላይፈቀድ ይችላል። ሲሳብም ሲለቀቅም የሚተኩሱ፣ ወይም ምላጩን በኃይል ወደ ፊት የሚመልሱ ዓይነቶች በማስታወቂያ ታያላችሁ። ብዙ ክርክር ያለባቸው ናቸው፤ ኢላማ ለመምታትም አይረዱም።

በጎብኚ ወይም በተማሪ ቪዛ ላላችሁ፦ በፌዴራል ሕግ፣ ከጠባብ ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ መሣሪያ መያዝ አይፈቀድላችሁም። ግሪን ካርድ ያለው ይችላል። ጓደኛ ጋብዟችሁ ሜዳ ከመሄዳችሁ በፊት ጠበቃ ጠይቁ።

አገር ቤት ሆኖ «አንድ ምላጭ አምጣልኝ» ለሚላችሁም እምቢ በሉ። የመሣሪያ ክፍል ከአሜሪካ ማውጣት ቁጥጥር አለበት፤ ኢትዮጵያ ውስጥም የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። ሻንጣ ውስጥ የተገኘች ትንሽ ብረት የሰው ኑሮ ታፈርሳለች።

🔹 የጋሼ ስሙኒ

ከዚያ ውድድር በኋላ አዲስ ምላጭ ልገዛ ስቸኩል ጋሼ አስቆሙኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሜዳ ላይ ከሸሚዛቸው ኪስ የድሮ ስሙኒ አወጡ። ጠመንጃዬን ባዶ መሆኑን ሁለታችንም ካየን በኋላ ስሙኒዋን አፈሙዙ አጠገብ አስቀምጠው «ሳበው» አሉኝ። ያ ባለ 3 ፓውንዱ፣ ቀላሉ ምላጭ ነው። ስስበው ስሙኒዋ ወደቀች። ደገምኩ፤ ወደቀች። ከዚያ የፋብሪካውን ባለ 7 ፓውንድ ገጥሜ ስመለስ እሳቸው ራሳቸው ያዙት። አሥር ጊዜ ሳቡ። አንድም ጊዜ አልወደቀችም።

«አሁን ያየኸው የእጅህን ነው» አሉኝ። «እጅህ ሲማር ምላጩን ያኔ ትመርጣለህ።»

ሁለት ወር በየማታው በባዶ ጠመንጃ ተለማመድኩ። ባለ ሁለት ደረጃውን የገዛሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ምን እንደምፈልግ ስላወቅኩ ሱቁ ውስጥ አምስት ደቂቃም አልፈጀብኝ።

ስለዚህ ለሦስታችሁም መልሴ ይኸው ነው። ዛሬ ማታ ጥይቱን ሌላ ክፍል ቆልፉበት፤ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ፤ ሳንቲም አስቀምጡ። አሥር ጊዜ ስባችሁ ሳትወድቅ የቀረች ዕለት ጻፉልኝ። ያኔ ስለ ብራንዱ አብረን እናወራለን።